ከትንሽ ንድፍ ወደ ትልቅ ሸራ፦ ምን ይሻለኛል?

ዳማ ፈረስ (አዳማ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኤ4 ወረቀት ላይ በእርሳስ የሠራሁት ንድፍ አለኝ። ፈረስ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ጋሪው ከኋላው ነው፣ ባለጋሪው ጎንበስ ብሎ ልጓሙን ያስተካክላል። ወረቀቱ በቁመቱ ነው። የፈረሱ አንገት በተለይ ሳላስበው ቆንጆ ሆኖ ወጥቶልኛል። አሁን 100 በ120 ሳንቲም ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ልሠራው ነው።

ችግሩ፣ ትልቅ ሸራ ላይ በዓይን ግምት ስነድፍ ነገሩ ይለወጥብኛል። ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ እግሩ ጋ ስደርስ ሸራው ያልቃል። ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ፦ ካርቦን ወረቀት፣ ፕሮጀክተር፣ ካሬ ማስመር። የሸራና የቀለም ዋጋ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሳልጀምር ልጠይቅ ብዬ ነው። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

መቶ በመቶ

ፕሮጀክተር ተከራዪና በአንድ ማታ ገላግዪው። በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ሸራው ላይ አብሪ፣ መስመሩን ተከተዪ። አለቀ። ምን ያጨናንቃል?

ሰያፍ

ቆይ ቆይ። ከፕሮጀክተሩም ከካርቦኑም የሚቀድም ነገር አለ። ንድፍሽና ሸራሽ ቅርጻቸው አንድ አይደለም።

ኤ4 ማለት 21 በ29.7 ሳንቲም ነው። 29.7ን ለ21 ብታካፍዪ 1.41 ይመጣል። የሸራሽ 120 ለ100 ሲካፈል ግን 1.2 ነው። ወረቀትሽ ከሸራሽ ይልቅ ቀጠን ረዘም ያለ ነው ማለት ነው። ወርዱን ከ21 ወደ 100 ስታሳድጊ ቁመቱ 141 ሳንቲም ይጠይቅሻል። ያለሽ 120 ነው። 21 ሳንቲም የት ይምጣ? እግሩ ጋ ሸራው የሚያልቅብሽ በዚህም ሊሆን ስለሚችል እጅሽ ላይ ብቻ አትፍረጂ።

ወይ ንድፉን ትቆርጫለሽ፣ ወይ 100 በ141 ሸራ ትወጥሪያለሽ። ከቆረጥሽ የሚቀርሽ 21 በ25.2 ነው፤ ከቁመቱ 4.5 ሳንቲም ይነሳል። ጨምቆ ማስገባት ግን አይታሰብም። ፈረሱ ውሻ አክሎ ይቀራል።

ቁጥር ለማይወድ ሰው ደግሞ ክር አለ። ሸራውን አስተኚ፣ ወረቀቱን የሸራው ጥግ ላይ አስጠግተሽ አስቀምጪ። ከዚያው ጥግ ተነስተሽ እስከ ተቃራኒው የሸራ ጥግ ክር ወጥሪ። ክሩ በወረቀቱ ተቃራኒ ጥግ ላይ በትክክል ካለፈ ቅርጻቸው አንድ ነው። ካላለፈ የት ላይ መቁረጥ እንዳለብሽ ክሩ ራሱ ያሳይሻል።

ዳማ ፈረስ

ወይ ጉድ! አሁኑኑ በክር ሞከርኩት። ልክ ነህ፣ ክሩ ከጥጉ ርቆ ነው የሚያልፈው። ደግነቱ ከላይ ባዶ ሰማይ በሽ በሽ ነው፣ ከሱ እቆርጣለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ። እሺ፣ ከቆረጥኩ በኋላስ?

የድሮ አስተማሪ

ልጄ፣ ካሬውን ምረጪ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

አሁን ወረቀትሽ 21 በ25.2 ሆኗል አይደል? ወርዱን ለ10፣ ቁመቱን ለ12 ክፈዪ። ሁለቱም 2.1 ሳንቲም ይመጣል። ሸራሽን ደግሞ ወርዱን ለ10፣ ቁመቱን ለ12 ክፈዪ። ሁለቱም 10 ሳንቲም ነው። እንዲህ ያለ የተገጣጠመ ቁጥር ሁልጊዜ አይገኝም፣ ዕድለኛ ነሽ። 120 ካሬ ይኖርሻል። ለፈረሱ ፊትና ለባለጋሪው እጅ ካሬዎቹን እንደገና ለአራት ክፈዪ። ለሰማዩና ለመሬቱ ግን አትድከሚ፣ በትልቁ ይበቃል።

ዋናውን ንድፍ በመስመር አታበላሺው። ጥርት ያለ ፕላስቲክ አልብሺውና ካሬውን ፕላስቲኩ ላይ በማርከር አስምሪ። ወይም ፎቶ ኮፒው ላይ ሥሪ። ከላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልሽ፣ በጎን 1፣ 2፣ 3 እያልሽ ምልክት አድርጊ። ሸራው ላይም እንዲሁ። አለዚያ መሀል ስትደርሺ የትኛው ካሬ የትኛው እንደሆነ ይምታታብሻል፣ አንድ ካሬ ዘለልሽ ማለት ደግሞ ፈረሱ ወገቡ ተሰበረ ማለት ነው።

ሸራው ላይ ካሬውን በምን ላስምር ካልሽ፣ በቀጭን የሥዕል ከሰል፣ ፈዘዝ አድርገሽ። እኔ ግን የምወደው ሌላ ነው። የፍሬሙ ጎን ላይ በየ10 ሳንቲሙ ትንንሽ ሚስማር እመታለሁ። ከዚያ ቀጭን የስፌት ክር ከሚስማር ወደ ሚስማር እያዞርኩ እወጥራለሁ። ሸራው ላይ አንድም መስመር ሳይነካ ካሬው ቁጭ ይላል። ስጨርስ ክሩን እፈታለሁ። የሚጠፋ ነገር የለም፣ የሚያሳድፍም የለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ካሬ ውስጥ ስትገቢ «ይሄ የፈረስ ጆሮ ነው» አትበዪ። ጆሮ መሆኑን እርሺው። አንድ መስመር ካሬው ውስጥ ገባ፣ ከካሬው ወጣ፣ ይኼው ነው። የላይኛውን ጠርዝ የት ላይ ቆረጠው? እኩሌታው ላይ? ሲሶው ላይ? እርቦው ላይ? እዚያ ነጥብ አድርጊ። በየት በኩል ወጣ? እዚያም ነጥብ። ከዚያ ሁለቱን ነጥቦች አገናኚ። ዓይንሽ አላምን ካለሽ ንድፉንም ሸራውንም ገልብጠሽ አቁሚያቸው። የተዘቀዘቀ ፈረስ ፈረስ መምሰሉን ያቆማል፣ ያኔ የምታዪውን ብቻ ትነድፊያለሽ።

ካሬ የሰነፍ ዘዴ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። የጥንት ግብፆች የመቃብር ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ካሬ ያሰምሩ ነበር። ሳያልቁ በቀሩት መቃብሮች ላይ መስመሩ ዛሬም ይታያል። ለረጅም ዘመን የቆመ ሰው ከእግሩ መርገጫ እስከ ፀጉሩ መነሻ 18 ካሬ ነበር። እና ሰነፎች ነበሩ ልንል ነው?

መቶ በመቶ

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ 120 ካሬ እስክትሞላ እኮ ሥዕሉን የመሥራት ፍላጎቷ ይጠፋል 😅

የድሮ አስተማሪ

ግማሽ ቀን ነው። ፍላጎት በግማሽ ቀን ከጠፋ ሥዕሉ ቀድሞም አልነበረም።

ሐረግ

እኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የምሠራው። አቡጀዴ ላይ እንሠራና በኋላ ግድግዳው ላይ በኮላ እንለጥፈዋለን። እዚያ ላይ ካሬ ብዙም አያዋጣም፣ ምክንያቱም ብዙ ነገር ይደጋገማል። መልአኩ በግራም አለ፣ በቀኝም አለ። የጠርዙ ሐረግ ደግሞ ግድግዳውን ሙሉ ይዞራል። ስለዚህ የምጠቀመው የመርፌ ዘዴ ነው።

እንዲህ ነው። ንድፉን በሚፈለገው ልክ፣ አንድ ለአንድ፣ ካኪ ወረቀት ላይ እሠራለሁ። ወረቀቱን የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛለሁ። መርፌ እርሳስ ጫፍ ላይ በክር አስራለሁ፣ ባዶ መርፌ ጣት ይበላል። ከዚያ መስመሩን ተከትዬ እወጋለሁ፣ በነጥብና በነጥብ መካከል ሦስት አራት ሚሊሜትር። ፊት ላይ ጠበቅ፣ ልብስ ላይ ሰፋ። ሲያልቅ ወረቀቱን እገለብጥና ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጌ እፈትገዋለሁ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ናቸው «ነጥቡ አልታየኝም» የሚሉት። መርፌው ሲወጋ በጀርባ በኩል ትንሽ አፍ ይተዋል፣ እሱ ካልተፋቀ ቀዳዳው ይደፈናል።

ከሰሉን እወቅጥና በፋሻ እቋጥረዋለሁ። ወረቀቱን ሸራው ላይ በፕላስተር ይዤ በቋጠሮው ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። ማሸት የለም፣ መታ መታ ብቻ። ወረቀቱ ሲነሳ ሥዕሉ በጥቁር ነጥብ ተነድፎ ይገኛል። ነጥቦቹን በቀጭን ቀለም አያይዛለሁ፣ ሲደርቅ ትርፉን ከሰል በደረቅ ብሩሽ አራግፈዋለሁ። ወረቀቱን ገልብጬ ብመታው ደግሞ የግራው መልአክ የቀኝ ይሆናል። አንድ ወረቀት ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

መውጋት ለእኛ አገር እጅ እንግዳ አይደለም። ብራና ጸሐፊዎች ገጹን ሲያሰምሩ መጀመሪያ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጉታል፣ ከዚያ ቀዳዳውን ከቀዳዳው ጋር ያሰምራሉ። የድሮ መጽሐፍ ስታገላብጡ ጠርዙ ላይ ፈልጉት፣ ቀዳዳው አለ።

የቴምስ ዳር (ለንደን)

ወንድም ሐረግ እጅህ ይባረክ። ለንደን ያላችሁ ሰዎች ይህን የመርፌ ዘዴ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የጣልያናዊው ሰዓሊ የራፋኤል ትልልቅ ንድፎች አሉ፣ ሰባት ናቸው፣ መግቢያው ነፃ ነው። ጳጳስ ሊዮ 10ኛ ለሲስቲን ጸሎት ቤት የግድግዳ ምንጣፍ እንዲሠራላቸው ያዘዟቸው ናቸው፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1515 እና 1516 አካባቢ። ምንጣፉ የተሸመነው ብራስልስ ነው። ሸማኔዎቹ በጀርባ በኩል ስለሚሠሩ ራፋኤል ንድፉን ሁሉ ግራ ቀኙን ገልብጦ ነው የሠራው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ መስመሩን ተከትሎ የተወጋው ቀዳዳ ይታያል።

ሚላን ውስጥ አምብሮዚያና በሚባለው ሙዚየም ያለው፣ ራፋኤል ለ«አቴንስ ትምህርት ቤት» የግድግዳ ሥዕሉ ያዘጋጀው ንድፍም አንድ ለአንድ የተሠራ ነው። ቁመቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ወርዱ 8 ሜትር። እሱም ተወግቷል፣ ነገር ግን ንጹሕ ነው። ባለሙያዎች እንደሚያምኑት ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተደርጎ አብሮ ተወግቷል፣ በከሰል የተመታውና እርጥብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ያ ነው። ዋናው ተርፎ ዛሬ እየታየ ነው። ብልህነት ይሉሃል ይሄ ነው። ዳማ ፈረስ፣ አንቺም ዋናውን ንድፍሽን አታሠቃዪው፣ ኮፒው ላይ ሥሪ።

ዳማ ፈረስ

ኧረ ይሄ ውይይት ሙዚየም ሆነ፣ ደስ ይላል! ግን አንድ ለአንድ የሚባለውን ነገር ለኔ አስቡልኝ። 100 በ120 ወረቀት ከየት ይመጣል? ካርቦኑስ? ቤት ውስጥ የቢሮ ካርቦን አለኝ፣ ሰማያዊው።

ጠመኔ

ሰማያዊውን ካርቦን ለቢሮው መልሺው። ቅባት አለበት። በላጲስ አይጠፋም፣ ነጭ ወይም ቢጫ ስትቀቢበት ደግሞ ከሥር ብቅ ይላል። ሰማይሽ ላይ ያልጠራሽው ሰማያዊ ይመጣብሻል።

ካርቦን ራስሽ ሥሪ። ስስ ወረቀት ውሰጂ፣ ጀርባውን በሥዕል ከሰል ወይም በ6ቢ (ለስላሳና ጥቁር) እርሳስ በደንብ አጥቁሪ፣ በጨርቅ አሸት አድርጊው፣ ከዚያ ትርፉን እፍ በዪ። ንድፉን ከላይ፣ የጠቆረውን ወደ ሸራው። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ተከትለሽ ተጫኚ። ሸራው ጠቆር ያለ መሠረት ካለው በከሰል ፋንታ ጠመኔ ቀቢው (ስሜን አስተዋውቄ አይደለም 😄)።

ሰው የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። ሸራው ተወጥሮ ስለሆነ ስትጫኚው ይሰረጉዳል፣ መስመሩም ይንሸራተታል። ከጀርባው በፍሬሙ መሀል የሚገባ መጽሐፍ ወይም ካርቶን ደግፊበት። ወረቀቱን ደግሞ በላይኛው ጠርዝ ብቻ ለጥፊው። ያኔ ከታች ገለጥ እያደረግሽ የቀረ መስመር አለ ወይ ብለሽ ታያለሽ፣ መልሰሽ ስትለቂው እዚያው ቦታው ላይ ያርፋል። አራቱንም ጠርዝ ከለጠፍሽ ሳትነቅዪ ማየት አትችዪም፣ ከነቀልሽ ደግሞ እንደገና አይገጥምልሽም።

ትልቁን ወረቀት የሕንፃ ፕላን የሚያትሙ ቤቶች ይሠሩልሻል። ኤ0 የሚባለው 84 በ119 ገደማ ነው። ላንቺ አንዱ አይበቃም፣ በሁለት ቅጠል አሳትሚና አጣብቂው። ጥቁርና ነጭ፣ ተራ ወረቀት በያቸው። ሲያትሙ «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለውን እንዳይነኩት ንገሪያቸው፣ ልኩ ይበላሻል። ስትቀበዪ እዚያው በሜትር ለኪው።

ላጲስ

ፕሮጀክተር ላይ አስተያየት ልስጥ። እኔ እንደ ማጭበርበር ነው የማየው። ሰዓሊ መንደፍ ካልቻለ ምኑን ሰዓሊ ሆነ?

መቶ በመቶ

መጣች! ይቺን ነበር የምጠብቀው። አሜሪካዊውን ሰዓሊ ኖርማን ሮክዌልን የሚያክል ሰው በፕሮጀክተር ይጠቀም ነበር። ፎቶና ንድፉን አብርቶ በከሰል ይገለብጥ ነበር። እሱ አጭበርባሪ ከሆነ እኔም ከሱ ጋር እስር ቤት ልግባ።

ላጲስ

ሮክዌል ያለ ፕሮጀክተርም መንደፍ ይችል ነበር። ልዩነቱ እሱ ነው።

መቶ በመቶ

እሷም እኮ ንድፉን በእጇ ነው የሠራችው! የራሷን ንድፍ ነው የምታሳድገው። ከማን ሰረቀች?

የድሮ አስተማሪ

እዚህ ላይ መቶ በመቶ ልክ ነው። የራስ ንድፍ ነው፣ ማጭበርበር የለበትም። እኔ ፕሮጀክተርን የማልወደው በሌላ ምክንያት ነው። ጨለማ ውስጥ ትቆሚያለሽ፣ እጅሽ ራሱ መስመሩን ይጋርደዋል፣ ያገኘሽውን ሁሉ ታሰምሪያለሽ። ጥላውንም፣ የእርሳሱን ጭረትም፣ የወረቀቱን እጥፋትም። መብራቱ ሲበራ ሸራው ላይ አንድ ሺህ እኩል መስመር ታያለሽ። የቱ ዋና የቱ ትርፍ እንደሆነ አይለይም።

ሰያፍ

ፕሮጀክተር የምትጠቀሚ ከሆነ ሁለት ነገር። መጀመሪያ ፎቶው። ስልኩን ንድፉ ላይ አስጠግተሽ ካነሳሽ ዳርና ዳሩ ይለጠጣል። ራቅ በዪና በዙም አንሺ፣ ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ይሁን።

ሁለተኛው አቋቋሙ። ፕሮጀክተሩ ትንሽ ወደ ላይ ካዘነበለ የላይኛው ይሰፋል፣ የታችኛው ይጠብባል። ንድፉ ዙሪያ አራት ማዕዘን አስምረሽ አብሪው። አራቱ ጥግ ሸራው ጥግ ላይ መውደቅ አለባቸው። ከዚያ ብርሃኑን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለኪው። በ100 በ120 ላይ ሁለቱም 156 ሳንቲም መምጣት አለባቸው። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ አዛብተሻል።

አወያይ

ይህን ማለት ረስታችኋል፦ መብራት ይሄዳል! ሲመለስ ፕሮጀክተሩ በልኩ አይገኝም፣ ሰው ይነካዋል፣ ልጅ ይገፋዋል። የፕሮጀክተሩን እግርና የሸራውን እግር ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ሸራው ጥግ ላይም ትንሽ መስቀል ምልክት። እነዚህ ካሉ ነገ ማታ መቀጠል ይቻላል።

ፕሮጀክተር ማጭበርበር ነው አይደለም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይብቃን፣ ከዚህ በፊት ተነስቶ ሰው ተቀያይሟል።

ዳማ ፈረስ

እሺ፣ ካሬውን ልመርጥ ነው፣ ከነክሩ። ጋሼ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ከንድፌ ሁሉንም ነው የምገለብጠው? ጥላውንም? ደግሞ ያ ያልኩት አንገት፣ ሸራው ላይ እንዳይሞትብኝ እፈራለሁ። ከዚህ በፊት ያየኋቸው የተገለበጡ ሥዕሎች ድርቅ ይላሉ።

የድሮ አስተማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ጥላውን አትገልብጪ። ጥላ በቀለም ነው የሚመጣው፣ በከሰል ከሠራሽው ሁለት ጊዜ ትሠሪዋለሽ፣ ከሰሉም ቀለምሽን ያቆሽሸዋል።

ከንድፉ ወደ ሸራ የሚሻገረው ቦታ ነው። የጆሮው ጫፍ የት ነው? አገጩ የት ላይ ያልቃል? ደረቱ፣ ጉልበቱ፣ ሰኮናው መሬት የነካበት። የባለጋሪው ክርን ከፈረሱ ደረት ምን ያህል ይርቃል? እነዚህን በነጥብና በአጭር መስመር አስቀምጪ። አንገቱን በየካሬው አትቆራርጪው። መነሻውን ነጥብ አድርጊ፣ መድረሻውን ነጥብ አድርጊ፣ መሀል ላይ በጣም የሚያብጥበትን አንድ ነጥብ። ክሩን ፍቺ። ከዚያ ተነስተሽ ቁሚ፣ ረዘም ያለ ብሩሽ ያዢ፣ በስስ ቀለም ከትከሻሽ አንቀሳቅሰሽ በአንድ ጊዜ ሳቢው። ወረቀቱ ላይ ያ አንገት የወጣው እጅሽ ሳይፈራ ስለሄደ ነው። ሸራው ላይም ሳይፈራ የሚሄድበት ቦታ ተዪለት። ካልወደድሽው በጨርቅ ጥረጊው፣ ነጥቦቹ አሉልሽ፣ ደግመሽ ሳቢ።

ድርቅ የሚሉት ሥዕሎች ዘዴያቸው ካሬ ስለሆነ አይደለም። መስመሩን አንድ በአንድ ለቅመው፣ በኋላም መስመሩን እንዳያልፉ እየፈሩ ስለሚሞሉት ነው። ነጥቡን አትልቀቂ፣ መስመሩን ግን ማለፍ ትችያለሽ።

የቴምስ ዳር (ለንደን)

ጋሼ ያሉትን የሚደግፍ አንድ ምሳሌ። እዚያው ቪክቶሪያና አልበርት ውስጥ የእንግሊዛዊው ሰዓሊ የኮንስተብል ሙሉ ልክ ንድፎች አሉ። ኮንስተብል ከትንሹ ንድፍ በቀጥታ ወደ ዋናው ሸራ አይሄድም ነበር። ወርዱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሌላ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም መጀመሪያ እንደልቡ ይቀባ ነበር። ከነዚህ አንዱ «የሚዘል ፈረስ» የሚባለው ነው፣ ያለቀው ሥዕል እ.ኤ.አ. የ1825 ነው፣ ሮያል አካዳሚ አለ። ብዙ ሰው ንድፉን ከዋናው ይመርጠዋል፣ እኔም ጭምር። ለአንቺ ሁለተኛ ሸራ ግዢ ማለቴ አይደለም። ግን ካኪ ወረቀት ርካሽ ነው። አንገቱን ብቻ በሙሉ ልኩ ካኪ ላይ ደጋግመሽ ሳቢው፣ ትከሻሽ ይልመደው። ከዚያ ሸራው ላይ ውጪ።

ዳማ ፈረስ

ይሄን እወደዋለሁ። ካኪ ነገ እገዛለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከሰሉ ወይም እርሳሱ ከዘይት ቀለም ሥር ምንም አያደርግም?

ጠመኔ

ያደርጋል። እርሳስ በተለይ። የዘይት ቀለም ዕድሜው ሲጨምር ብርሃን እያሳለፈ ይሄዳል። ዛሬ የተሸፈነ ጥቁር እርሳስ ከዓመታት በኋላ በስሱ በተቀባ ነጭ ሥር ሊታይ ይችላል። በድሮ ሥዕሎች ላይ ሰዓሊው ሰርዞት የነበረ እጅ ወይም እግር ብቅ ሲል የምናየው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ እርሳስ ከሆነ ፈዛዛ ይሁን፣ በጣም አትጫኚው፣ ሸራውን ጎድጉደሽ አታስምሪ።

ከሰል ይሻላል ምክንያቱም ይራገፋል። ግን ሳይራገፍ ከቀረ ቢጫሽን አረንጓዴ፣ ነጭሽን አመድ ያደርገዋል። አካሄዱ ይህ ነው። በከሰል ነጥቦቹን አስቀምጪ። አምበር ወይም በርንት ሲየና (ቡናማ ቀለሞች ናቸው) በተርፐንታይን አቅጥነሽ በቀጭን ብሩሽ መስመሩን አጽኚ። ሲደርቅ ከሰሉን በደረቅ ጨርቅ አራግፊ። የመጀመሪያው መስመር ዘይት አይብዛበት፣ ከሥር ስስ፣ ከላይ ወፈር ያለ ነው ደንቡ፣ አለዚያ ይሰነጠቃል።

ላጲስ

ወይም መስመሩን በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን ቀለም) አጽኚው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ዘይት በአክሪሊክ ላይ ይቀባል። አክሪሊክ በዘይት ላይ ግን አይሆንም፣ ይላጣል።

የከሰል ስህተት ለማጥፋት የዳቦ ልብ ሞክሪ። ቅርፊቱን ጥለሽ ነጩን ጠፍጥፈሽ በሱ ነካ ነካ። ላጲስ ከመኖሩ በፊት ሰዓሊዎች የሚጠቀሙት እሱን ነበር። ቅቤ የነካው ዳቦ አይሁን ብቻ። ፍርፋሪውንም ሸራው ላይ አትተዪ፣ ጉንዳን ይመጣል።

ሐረግ

ስለ ሸራው መሠረትም አንድ ቃል። አንዳንድ ልጆች ለሸራ የግንብ ጀሶ በውሃ በጥብጠው ሲቀቡ አያለሁ። ግድግዳ አይንቀሳቀስም፣ ሸራ ግን ይተጣጠፋል። ጀሶው ተሰነጣጥቆ ይረግፋል፣ ሥዕሉም አብሮ። ለሸራ ተብሎ የተሠራውን የአክሪሊክ መሠረት ግዙ። ሲደርቅ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጉት። በጣም ካለሰለሳችሁት ደግሞ ከሰል አይዝም፣ ይንሸራተታል። በጣት ሲነካ ትንሽ ሻከር ማለት አለበት።

ወዝ (ሐዋሳ)

ውይይቱ ውስጥ ዘው ብዬ ልግባ፣ ይቅርታ። የኔ ሸራ አይደለም፣ የትምህርት ቤት አጥር ግድግዳ ነው። 9 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል። ፕሮጀክተሩን የማቆምበት ቦታ የለኝም፣ ፊት ለፊቱ መንገድ ነው፣ ባጃጅ ያልፋል። ካሬ ላስምር ብል ግድግዳው ራሱ ወለም ዘለም ይላል።

ሰያፍ

ላንተ የሚሆነው የግድግዳ ሰዓሊዎች ዘዴ ነው። ግድግዳውን በጠመኔ በማይደጋገም ምልክት ሙላው። ፊደል ጻፍ፣ ክብ፣ ኮከብ፣ የፈለግከውን፣ አንዱ ሌላውን እንዳይመስል ብቻ። ከመንገዱ ማዶ ሆነህ ቀጥ አድርገህ ፎቶ አንሳ። ስልክህ ላይ ፎቶውን ከሥር፣ ንድፍህን ከላይ አድርግ፣ ንድፉን ግማሽ ያህል አሳላፊ አድርገው። ይህን የሚሠሩ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ከዚያ ስልኩን እያየህ «አፍንጫው ከ‹ሸ› በስተቀኝ፣ ከኮከቡ ከፍ ብሎ» እያልክ ትነድፋለህ። ግድግዳው ወለም ዘለም ቢል ግድ የለውም፣ ምልክቶቹም አብረው ወለም ይላሉ።

ወዝ (ሐዋሳ)

ሸ ላይ አፍንጫ! 😂 እሺ ገባኝ። ግን ከታች ቀጥ ያለ ረጅም መስመር አለኝ፣ የመንገዱ ጠርዝ። 9 ሜትር ማስመሪያ የለም።

የድሮ አስተማሪ

ክር ምታ። ግንበኛ ጠይቅ፣ ያሳይሃል። ክሩን ዱቄት ቀባው፣ አንዱ ጫፍ ላይ ሰው ይያዝልህ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ወጥሩት፣ መሀሉን ቆንጥጠህ ሳብና ልቀቀው። 9 ሜትር በአንዴ ካስቸገረህ መሀል ላይ አንድ ሰው በጣቱ ይጫንልህና ግራና ቀኙን ለየብቻ ምታው። ሆላንዳዊው ሰዓሊ ቬርሜርም ቢሆን የወለሉን መስመር ለማውጣት ሸራው ላይ ፒን ሰክቶ ክር ይመታ ነበር፣ የፒኑ ቀዳዳ በብዙ ሥዕሎቹ ላይ ተገኝቷል።

ሐረግ

ዱቄቱ የተፈጨ ነጭ ጠመኔ ይሁን። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቀይ ዱቄት እንዳትቀበላቸው፣ እሱ ታጥቦ አይለቅም፣ በነጭ ቀለምም ላይ ይወጣል። ግድግዳውም ከመመታቱ በፊት ደረቅ መሆኑን እይ፣ እርጥብ ላይ ጠመኔው ይጠጣና መስመሩ ይጠፋል።